ሁለት ቁንጥር ሩዝ

ሱሺላ ሽምብጥ ስትከራይ፣ ከጓሮዬ ቤት፣
ሁለት ሻንጣ መጽሐፍና አንድ የመዳብ ዕቃ ነበራት።
"ሂሳብ ነው የማስተምር፣ ፖሊ ግቢ" አለች፤
"ጠዋት ጭስ ብታይ ግን አትደንግጥ" ጨመረች።
እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ጭስ አያስደነግጠኝም፤
በቤንዚን ያደገ ሳንባ ለኩበት ጭስ አይታመምም።

ግን እማዋይሽ ከሞተች ወዲህ
እንቅልፍ ጥሎኝ ሄዶ፣ ሌሊቱ ረዝሞብኝ እንዲህ፣
በአጥር ቀዳዳ አየኋት፤ ቁጢጥ ብላ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ተክላ፣
ፀሐይን እንደ ቀጠሮ እንግዳ ስትጠብቅ፣ በጋቢ ተጠቅልላ።
ሦስት ቀን ሰርቄ አየሁ። በአራተኛው፣ ሳትዞር፣
"ግባ" አለች፤ "በር እያለ አይማሩም በአጥር።"

የተገለበጠ ጣራ የመሰለ መዳብ፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ፤
ኩበት ይደረደርበታል፣ ለነፋስ መንገድ ተትቶ፣ እንደ ካብ።
እኔ ኩበትን የማውቀው እንጨት ሲወደድ ነው፤
እሷ ስታነሣው ግን የተኛ ሕፃን ነው የሚመስለው።
ቅቤው የሜጫ ላም፣ ያለ ኮሰረት የነጠረ፤
ሩዙ የፎገራ፣ አንድም ፍሬ ያልተሰበረ።
"ያልተሰበረ? የወረታን ወፍጮ አታውቂም? ግማሹ ስብርባሪ ነው!"
"እንግዲህ ትለቅማለህ" አለች። ትምህርቱ የጀመረው ያኔ ነው።

ማታ ማታ ሰፌድ ይዤ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰቅዬ፣
ሙሉውን ለእሳት፣ ሰባራውን ለራቴ ለይቼ፣ ብቻዬ፤
በግራሶ የጠቆረ ጣቴ አንዲት ፍሬ ሲይዝ ሲለቅ
እማዋይሽ ብታየኝ ኖሮ ምን ያህል ትስቅ!

የመጀመሪያው እሳቴ ጠፋ።
ሁለተኛውም። የሐይቁ ነፋስ ሲከፋ ይከፋ።
በሐምሌ ኩበቱ ረጠበ፤ አምስት ክብሪት፣ ስድስት ክብሪት ፈጀሁ፤
እትዬ ብርነሽ ከማዶ እየሳለች "ጠንቋይ ሆንክ ወይ?" ስትል ሰማሁ።
የንስሐ አባቴም ሰሙ። መጡ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ።
"ለማን ነው የምታጨሰው?" አሉኝ፤ አልተቆጡ።
"አባ፣ መስጠት ነው የምማረው፤ ሌላውን አላወቅሁም፤
ቃሉን በራሴ ቋንቋ ነው የምለው፤ ማዕተቤን አልበጠስሁም።"
ወደ ሐይቁ አዩ፤ ቆዩ። "ጸሎትህን አትርሳ" ብለው ሄዱ፤
ፈቅደውልኝ ነው? አዝነውብኝ ነው? እስከ ዛሬ አልታወቀኝም ጉዱ።

ፀሐይ በሰኔ ማልዳ፣ በጥር ከቤዛዊት በኩል ዘግይታ፤
ማታ ደግሞ ወደ ዘጌ፣ ከደንገሉ በላይ ጥቂት ቆይታ።
ስትወጣ ሁለት ቁንጥር፣ ስትጠልቅ ሁለት ቁንጥር፤
በየቁንጥሩም "ይህ የእኔ አይደለም"፤ ሌላ የለውም ምሥጢር።

የእኔ አይደለም።
ሩዙ፣ እሺ። ቅቤውም፣ ግድ የለም።
ጓሮው? ጀልባው? እዚህ ላይ ምላሴ ይያዛል።
"እማዋይሽስ?" ብዬ ጠየቅኋት አንድ ማታ።
ሱሺላ አልመለሰችም፤ ኩበት ጨመረች፣ በዝምታ።

በመስከረም ኮንትራቷ አለቀ። ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።
"ስታጸዳው በሎሚ" አለች። ሌላ አልመከረችኝ።
አመዱን ቃሪያዬ ሥር በተንሁት፤
አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱን ምስጥ በላው፤ ምን ልበለው፣ ተውሁት።

ትናንት ከደቅ ስንመለስ ሞተሩ ቆመ፤
መሐል ውሃ ላይ ነጋብን፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ።
ኩበት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሩዝ የለ፤ ሰዓቱ ግን ደረሰ፤
የሐይቁ ጠርዝ ቀላ፣ ቀላና ፈሰሰ።
ባዶ መዳፌን በውሃው ላይ ዘረጋሁ፣
"የእኔ አይደለም" አልሁ።
ከጎኔ የተቀመጠ ነጋዴ "ምኑ?" አለኝ ዞር ብሎ።
"ሞተሩ" አልኩት፤ "የማኅበሩ ነው።" ሳቀ፣ ስልኩን ጥሎ።
እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ፤ ትንሽ ብቻ፤ ማንም አላየ።
ካንዴላውን ፈትቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፤ ጥላሸቱ ተለየ፤
መልሼ አጠበቅሁ፣ ገመዱን ሳብሁ፣
ብልጭታውን በጆሮዬ ሰማሁ።